ሊጣል የታተመ ወረቀት

የአውቶቡስ ቲኬት የሚታተመው እንዲጣል ነው። ተቆጣጣሪው አይቶ ከመለሰው በኋላ ሥራው አልቋል፤ መኪናው መናኸሪያ ሲገባ ከወንበር ሥር ከለውዝ ገለፈትና ከማስቲካ ልባስ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። እንደዚያም ሆኖ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያንን ጉዞ መልሶ ማሰብ ለሚፈልግ ሰው፣ ከመታሰቢያ ዕቃ መደብር በውድ ከተገዛ ነገር ይልቅ ያ ቁራጭ ወረቀት ብዙ ይነግረዋል የሚል እምነት አለኝ። ከመደብሩ የተገዛው የአክሱም ሐውልት አምሳያ ወይም ከድንጋይ የተቀረጸው ትንሽ ቤተ ጊዮርጊስ ምን እንደሚያስታውስ ገና ሲሠራ ተወስኖለታል። ለገዛው ሁሉ «እዚያ ነበርክ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። ቲኬቱ ግን ማንንም ሊያስታውስ ታስቦ አልታተመም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወንበሩን ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብ፣ አልፎ አልፎም ቲኬት ቆራጩ በችኮላ አጣሞ የጻፈውን የተሳፋሪ ስም ይይዛል። ይህን ሁሉ የመዘገበው ለሂሳብና ለቁጥጥር ስለሆነ የሚያሳምረውም የሚደብቀውም ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ቃሉን አምናለሁ።

ዋጋውን ብቻ እንኳ እንውሰድ። ሰው ከጉዞው የመልክዓ ምድሩን ውበት ለረጅም ጊዜ ሊያስታውስ ይችላል፤ ለምሳው ስንት ብር እንደከፈለ ግን ወር ሳይሞላው ይረሳዋል። ባለ 200 ብሩ ኖት ከወጣበት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. በፊት የተቆረጠ የምግብ ቤት ደረሰኝ ዛሬ ቢገኝ፣ አንባቢው ከሽሮውና ከቡናው አልፎ አንድ ሙሉ የኑሮ ዘመን ያይበታል። ማንም ፎቶግራፍ አንሺ የዋጋ ዝርዝርን ለትዝታ ብሎ አያነሳም። እዚህ ላይ የምከራከርለት ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ከጉዞ የተረፉ ቲኬቶችን፣ ደረሰኞችን፣ የታጠፈ ካርታን፣ የደረቀ ቅጠልን፣ ማኅተም ያረፈበት ፖስታን ሰብስቦ በእጅ መጽሐፍ መጠረዝ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም፤ ትዝታን ለመያዝ ካሉን መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው። ነገር ግን ወረቀቱ በራሱ ምንም አይደለም። መሳቢያ ውስጥ የተከመረ ቲኬት ዞሮ ዞሮ ቆሻሻ ነው። ከመቶው ውስጥ አሥሩ ሲመረጥ፣ ከጎኑ በእጅ ሲጻፍበትና ከሌሎቹ ጋር ሲሰፋ ነው ትዝታ የሚሆነው። ከሰብሳቢ የጠራዡን ሥራ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከቤት ይመጣል። «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ እኛ ከጉዞ የምናመጣው ለሰው የሚካፈል ነገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነትም አለው። ከገዳም የተመለሰ ጸበልና እምነት ይዞ ይመጣል። ኢየሩሳሌም የተሳለመ ሻማና መስቀል፣ ሐጅ ያደረገ የዘምዘም ውኃና ተምር ይዞ ይገባል። ጸበሉ ለጎረቤት ይዳረሳል፣ እምነቱ የልጆች ግንባር ላይ ይቀባል፣ ተምሩ አንድ አንድ ፍሬ ሆኖ ይታደላል። የጉዞው ምልክት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ማለቁም ደንቡ ነው፤ በረከት ተቆልፎበት አይቀመጥምና። በዚህ ዓይን ሲታይ የራስን ቲኬት እየለጠፉ ማስቀመጥ ራስ ወዳድነት ይመስላል። ይሁን እንጂ እኛው ቤት ሌላም ልማድ አለ። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የፎቶ አልበም ተስቦ ይወጣና ጭኑ ላይ ይደረግለታል፤ እያገላበጠ «ይህች ማናት? ይኼ የት ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ የቤቱ ሰውም ከጓዳ ሆኖ ይመልሳል። አልበም በእኛ ዘንድ የሚነበበው በሁለትና በሦስት ሰው ነው። የጉዞ መጽሐፉም የሚቀመጠው ከዚያው መደርደሪያ ላይ ነው፤ የሚካፈለው በረከት በቀረበት ቦታ የሚካፈል ወሬ ያቀርባል። ጸበሉ ያልደረሰው፣ ያኔ ገና ያልተወለደ ልጅ እንኳ ከዚህ ድርሻውን ያገኛል።

ስለ መጽሐፍ አሠራር ከተነሳ ደግሞ ባዕድነት የሚለው ክስ ጨርሶ አይቆምም። የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊና ጠራዥ የፍየል ቆዳ ነክረው፣ በእንጨት ወጥረው፣ ፍቀው ብራና ያወጣሉ፤ ቅጠሎቹን አጥፈው በጥራዝ በጥራዝ ይሰፋሉ፤ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል አድርገው በቆዳ ይለብጣሉ፣ ቆዳውን በጋለ ብረት ይደጉሳሉ። ዓድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መሠራታቸው ታውቋል፤ ብራናው ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የገበታው ውስጠኛ ገጽ ነው። የሽፋኑ ቆዳ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲለጠፍ መካከሉ ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ብዙ ጠራዦች ያንን ቦታ በቁራጭ ጨርቅ ይሞሉታል። ከጨርቆቹ መካከል ባሕር ተሻግረው የመጡ ሐሮችና ባለ አበባ ጥጦች ይገኛሉ። ከየት ወደብ እንደወረዱ፣ የማን ልብስ ቅዳጅ እንደነበሩ ጽሑፉ አይነግረንም፤ ጨርቁ ግን መጽሐፉ ከየትኛው ዓለም ጋር ይነጋገር እንደነበር ይመሰክራል። ባዶ ቅጠሎቹም ሥራ አይፈቱም። ወንጌል ዘወርቅ በሚባሉት የታላላቅ አድባራት ወንጌሎች ውስጥ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የውልና የምስክር ስም ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ የታሪክ ተመራማሪው ወደ እነዚያ ማስታወሻዎች የሚሮጠው ለሌላ ጉዳይ ተብለው ስለተጻፉ ነው። እንግዲህ ቁራጭ ጨርቅና የውል ማስታወሻ በመጽሐፍ ሆድ ውስጥ የማኖር ጥበብ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የመንገድን ነገር መጻፍም እንዲሁ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጃፓን ጉዟቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል።

የጉዞ መጽሐፍን በእጅ ከሠሩ ሰዎች መካከል ሥራቸው ተጠብቆ ለሕዝብ ከሚታይላቸው አንዷ አሜሪካዊቷ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ናት። አንድ ልጇ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1865 በሳንባ ምች ሞተባት፤ ሐዘኑ ጤናዋን ስለጎዳው ከባሏ ጋር በ1867 ወደ ሰሜን አውሮፓና ወደ ሩሲያ ሄደች። ከዚያ ዓመት ጀምራ እስከ 1895 ድረስ ከየጉዞዋ 28 አልበሞች ሠርታለች፦ በአባይ ላይ በጀልባ የተጓዘችበት ግብጽ፣ ጃፓን፣ ቻይና፣ የካምቦዲያው አንግኮር፣ ቬኒስ ሁሉም እዚያ አሉ። በአልበሞቹ ውስጥ ካሉት ፎቶግራፎች አብዛኞቹን ያነሳችው እሷ አይደለችም። ማንም ሰው በእጁ ይዞ የሚዞረው የኮዳክ ካሜራ የወጣው በ1888 ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው ተጓዥ በየከተማው ካሉ ባለሙያ ፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ ሥዕል ይገዛ ነበር። ስለዚህ የጋርድነር የፒራሚድ ፎቶ በሌሎች ብዙ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ቤቶችም ይገኝ ነበር ማለት ነው። አልበሙን የእሷ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፦ ከሄደችበት ቆርጣ ያደረቀችው ቅጠልና አበባ፣ በእጇ የጻፈችው ቦታና ቀን፣ የትኛው ሥዕል ከየትኛው አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ውሳኔዋ። የተገዛው ፎቶ ዛሬ የሚነግረን ግብጽ ምን ትመስል እንደነበር ነው፤ ቅጠሉ ግን አንዲት ሴት አንድ ቀን እዚያ ቆማ ጎንበስ ማለቷን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1903 ቦስተን ውስጥ የከፈተችው ሙዚየም ከእነዚህ አልበሞች ልማድ የወጣ ይመስለኛል፤ ዕቃዎቹን ራሷ ደርድራ ስታበቃ አደራደሩ እንዳይለወጥ በኑዛዜዋ አዘዘች። ኑዛዜው ግትር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ሙዚየምን ያህል ነገር በአንድ ሰው ምርጫ ማሰሩን አልወደውም። ለአንድ ጥራዝ መጽሐፍ ግን ትክክለኛው ሕግ ይኸው ነው፤ የሠሪው አደራደር ከጠፋ የሚቀረው የቅጠልና የወረቀት ክምር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስልክ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። ኪስ ውስጥ ባለ መሣሪያ ሺህ ፎቶ ከነቀኑና ከነቦታው ሲቀመጥ ሙጫና ክር ለምን ያስፈልጋል? እዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያገኙትን ማየት ይጠቅማል። ሊንዳ ሄንክል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎች በሙዚየም ውስጥ እየዞሩ አንዳንዶቹን ዕቃዎች ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌሎቹን እንዲያዩ ብቻ ተደረገ። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ካነሷቸው ይልቅ ያዩዋቸውን የተሻለ አስታወሱ፤ አንድን ዝርዝር አቅርበው ሲያነሱ ግን ጉዳቱ አልታየም። ይህን ጥናት ይዞ «ካሜራ ትዝታን ይገድላል» ማለት ይቀናል፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ብሏል። ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሊክሳንድራ ባራሽና የባልደረቦቿ ጥናት ፎቶ እንዲያነሱ የተፈቀደላቸው ጎብኚዎች ያዩትን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ፣ የሰሙትን ግን ይበልጥ እንደሚረሱ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ቢመስሉም ለእኔ አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ የሚታወሰው ትኩረት የተሰጠው ነው። ጎብኚው የሚያነሳውን ራሱ ሲመርጥ ዓይኑ ይሠራል፤ «ይህን አንሳ» ተብሎ ሲያነሳ ሥራውን ለመሣሪያው አስረክቦ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ተመራማሪዎቹ ስላሜካና ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ ሰው ተዘጋጅቶለት ካነበበው ቃል ይልቅ ራሱ ያፈለቀውን ያስታውሳል። በቲኬት ጎን «ዝናብ ያዘን፣ ሹፌሩ ደጀን ላይ ለምሳ አቆመ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስልኩ ቀኑንና ቦታውን በራሱ ጊዜ ይመዘግብለታል፤ ከዚህ የተነሳ ባለቤቱ ለማሰብ የሚገደድበት ቅጽበት አይኖርም።

ብዛትም የራሱ ችግር አለው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ ጠረጴዛው ላይ የደረሰውን ሁሉ፣ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ የምግብ ቤት ሂሳብ፣ የግብዣ ካርድ ሳይል በካርቶን እያስገባ ያሽግ ነበር። ሲሞት ካርቶንና ሌላ ማስቀመጫ ተደምሮ 610 ሆኖ ተገኘ፤ ፒትስበርግ ያለው ሙዚየሙ ባለሙያ መድቦ ሲከፍትና ሲመዘግብ ዓመታት ፈጅቶበታል። የሥነ ጥበብ ሥራ ነው ይባላል፤ ይሁን። ነገር ግን ለማስታወስ የተቀጠረ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ትዝታ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። የዛሬ ስልኮቻችን ለዋርሆል ካርቶኖች ቅርብ ናቸው፤ ልዩነቱ መዝጋቢ የሚቀጥርልን ሙዚየም አለመኖሩ ነው። መጽሐፉ ግን ወሰን አለው። በወስፌ ተበስቶ በክር የሚሰፋ ጥራዝ አርባ ወይም ስልሳ ገጽ ቢይዝ ነው፤ ስለዚህ ይህ ይግባ ያ ይቅር የሚል ክርክር ግድ ይሆናል። ጉዞው በሁለተኛ ጊዜ የሚታሰበው በዚያ ክርክር ውስጥ ነው፤ ያልገባው ወረቀት እንኳ ሲጣል አንዴ ይታወሳል።

«ወረቀት ያረጃል፣ ይደበዝዛል» የሚለው ተቃውሞ በከፊል ልክ ነው፤ መልሱም ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። አሁን በየሱቁ የሚሰጠው ደረሰኝና ብዙው የመሳፈሪያ ወረቀት በቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ኬሚካል ተለብጧል፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ የእጅ ቅባትና የላስቲክ ኪስ ጽሑፉን ያጠፉታል። ጥንቃቄ መስሎት በጋለ ማሽን በላስቲክ የሚያስለብጠው ሰው ደግሞ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ይወጣለታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመጣ በሳምንቱ በተራ ወረቀት ኮፒ አድርጎ ኮፒውን መለጠፍ፣ ዋናውን ከጎኑ በወረቀት ፖስታ ማኖር። የጋዜጣ ቁራጭ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ቢጫ መሆኑ አይቀርም፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል፤ ለብቻው ገጽ ይሰጠው። ስኮች አይነካ፤ ሙጫው ዓመታት ሲቆይ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ እድፍ ይተዋል። በየቤቱ የምናውቃቸው ገጻቸው የሚያጣብቅ፣ በላስቲክ የሚሸፈኑ አልበሞች ስንት የሠርግ ፎቶ ነክሰው እንደያዙ ለመንቀል የሞከረ ያውቀዋል። የማርክ ትዌይን ስም እዚህ መነሳቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ደራሲው ገጹ ቀድሞ ሙጫ የተቀባ፣ ውኃ ሲነካው ብቻ የሚለጥፍ አልበም ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ በደንብም ተሸጦለታል። የመለጠፍ ጣጣ የዚያን ጊዜም ሰውን አሰልችቶ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከዱቄትና ከውኃ በእሳት ላይ የሚበስለው ሙጫ ነው፤ ነገ ሐሳብ ቢለወጥ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። አሰፋፉም ዘዴ አለው። በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ እጥፋቱ ከዚያ አቅጣጫ ጋር ካልሄደ ገጹ ይኮማተራል። ባዶውን ደብተር አጥብቆ ሰፍቶ በኋላ ዕቃ የሚለጥፍበት ሰው መጽሐፉ ሆዱ ተነፍቶ አልዘጋ ይለዋል። ጀርባው አካባቢ በየገጹ መካከል ጣት የማይሞሉ ጠባብ የወረቀት ቁራጮች አብረው ከተሰፉ ግን ለሚለጠፈው ነገር ውፍረት ቀድሞ ቦታ ይተዋል። ይህን ቦታ ለመተው ምን ያህል ዕቃ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምርጫው ከስፌቱ የሚቀድመው ስለዚህ ነው። ተዘጋጅቶ ታትሞ የሚመጣ የፎቶ መጽሐፍ አዝዞ ማሠራትም ይቻላል፤ ንጹሕና ቆንጆ ነው። ነገር ግን በዚያ ውስጥ ቲኬቱ የቲኬት ሥዕል ይሆናል፤ የታጠፈበት መስመር በጣት አይዳሰስም፣ ጀርባው ላይ የተጫጫረው ስልክ ቁጥርም አይገለበጥም።

አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ይዋሻል ይላል፤ ጠቡ፣ ተቅማጡ፣ የጠፋው ሻንጣ አይለጠፍበትምና። እውነት ነው፣ መምረጥ መደበቅም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሊጣል የታተመው ወረቀት ለውሸት አይመችም። የፋርማሲ ደረሰኝ ከምግብ ቤቱ ደረሰኝ አጠገብ ከተቀመጠ ሆድ መታመሙን ባለቤቱ ባይጽፈውም ይናገራል፤ የጠፋ ሻንጣ የተመዘገበበት ቅጽም እንዲሁ። ፎቶ ሲነሳ ሁሉም ሰው ይስቃል፤ ደረሰኝ ሲቆረጥ ማንም አይዘጋጅም።

ከሁሉ ይልቅ መልስ የሚገባው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የጉዞ መጽሐፍ ተመላሽ ቲኬት ላለው፣ ሆቴል ለያዘ ሰው የተሠራ ጨዋታ ነው፤ የእኛ ሰው አብዛኛው ጉዞው ስደት ነው፤ ምኑን ይለጥፋል? ይህን ማቃለል አይገባም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ሻንጣ የያዘ ጥቂት ነበር፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይለያይ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፎባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ፓስፖርት ያልነበራቸው በእጃቸው የያዙት ሊሴ ፓሴ የሚባለውን ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ነበር። የመደብር መታሰቢያ ለእነዚህ ጉዞዎች የሚለው ነገር የለውም። ያ ቁጥር፣ ያ ሊሴ ፓሴ፣ ጊዜው ያለፈበት የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ)፣ ለእናት ብር የተላከበት የሐዋላ ደረሰኝ ግን ይናገራሉ፤ በተለይ የሐዋላ ደረሰኞች በተርታ ሲሰፉ የአንዲት ሴት የቤይሩት ወይም የሪያድ ዓመታት ከማንኛውም ፎቶ በላይ ይታያሉ። ሊጣል የታተመ ወረቀት የተሻለ ምስክር ነው ያልኩት ክርክር ከሽርሽር ይልቅ እዚህ ላይ ይጸናል። ይህን ስል ግን ሁሉም ሰው ይስፋ ማለቴ አይደለም። መርሳትን የመረጠ ሰው መብቱ ነው፤ ወረቀቱን ያቃጠለችውን ሴት ስለ ታሪክ ጥቅም መስበክ ድፍረት ነው። ለሚያመነታ ሰው የማውቀው መካከለኛ መንገድ አንድ ነው፦ ወረቀቶቹን ሳይሰፉ በፖስታ አሽጎ ማቆየት። ስፌቱ ጊዜ አያልፍበትም፤ ልጅም ሊሰፋው ይችላል።

በመጨረሻ ወረቀቱ ራሱ እየጠፋ ነው የሚል አለ። ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር የወረቀት ቲኬትን እ.ኤ.አ. በ2008 አስቀርቷል፤ እስራኤል ከ2013 ጀምራ በፓስፖርት ላይ ማኅተም መምታት ትታ ትንሽ ካርድ ትሰጥ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረትም በጥቅምት 2025 ማኅተሙን በኮምፒውተር መዝገብ መተካት ጀምሯል። ይህ መጽሐፉን ከማስቀረት ይልቅ የእጅ ጽሑፉን ድርሻ ያበዛዋል። ለእኛ ደግሞ መጀመሪያውኑ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። የአውሮፕላን ወረቀት 5 ጃንዋሪ 2015፣ 19፡30 ይላል፤ ተጓዡ የሚያስታውሰው ግን የ2007 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 1፡30 ነው። ሁለቱም ከጎን ለጎን ካልተጻፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት፣ ሰዓቱን በስድስት ይስታል። በፎቶ ውስጥ የቆሙት ሰዎች ስም፣ «የአክስቴ ባል» ከሚለው ይልቅ ሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው ይጻፍ። ዋሽንግተን ወይም ሮም የሚያድጉት ልጆች አማርኛ ማንበብ የሚቸግራቸው ከሆነ መግለጫው በሚያነቡት ቋንቋም ይደገም፤ ሁለተኛው መስመር ቦታ ከወሰደ አንድ ቲኬት ይቀነስ።